የመጀመሪያው ቀን ድምፅ

ይህን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም የመስሚያ መሣሪያዎቼን አድርጌ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም አውልቄ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከኳየር ጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን፤ እርሷ የምትሰማውን ትነግረኛለች፣ እኔ የምሰማውን እነግራታለሁ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም እያቆምን ስንከራከር አራት ሰዓት ሞላው፤ ጓደኛዬም ታክሲ አጥታ እኛ ቤት አደረች።

ፊልሙ «ሳውንድ ኦፍ ሜታል» ይባላል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ስድብ የበዛበት ነው፣ ዋናው ሰውም ከሄሮይን ሱስ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ከታናናሾቻችሁ ጋር ሳሎን ተቀምጣችሁ የምትከፍቱት አይደለም። ታዲያ በዚህ መጽሔት ለምን አመጣሽው ለሚለኝ፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ጆሮው ሲከዳው ምን እንደሚሆን እንዲህ አድርጎ ያሰማ ሌላ ፊልም አላጋጠመኝም። ደግሞም የምጣላው ነገር አለኝ።

ዳሪየስ ማርደር ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ፣ በ2021 በድምፅና በኤዲቲንግ ሁለት የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። ሪዝ አህመድ ሩበን የሚባል ድራመር ሆኖ ይጫወታል። ሩበንና ፍቅረኛው ሉ ሁለት ሆነው በሚሠሩት ባንድ፣ ቤት በሆነች መኪናቸው እየኖሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራሉ። ሙዚቃቸው ግድግዳ የሚነቀንቅ ዓይነት ነው። አንድ ቀን የሩበን ጆሮ ድንገት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ፣ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ምን እንደሚከፍልና ሲመለስ ምን እንደሚያገኝ ነው።

የፊልሙ ትልቁ ነገር ታሪኩ አይደለም፤ ድምፁ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ማለዳ እናያለን። ሩበን ይነሣል፣ በመፍጫ ጁስ ይፈጫል፣ ቡናው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሁሉም ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ጠብታ ከጠብታ ይለያል። ጆሮው ከተዘጋ በኋላ ያው ማለዳ ተመልሶ ይመጣል። መፍጫው ይሽከረከራል፣ ቡናው ይንጠባጠባል፤ ድምፅ ግን የለም፣ ወይም ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ እንደሚሰማ ነገር ነው። ማንም «መስማት አቆመ» ብሎ አልነገረንም። የድምፁን ሥራ የመራው ኒኮላ ቤከር ከሩበን ራስ ቅል ውስጥ ያስገባንና፣ መልሶ ያወጣንና፣ ደግሞ ያስገባናል። ሪዝ አህመድም ሲቀረጽ የገዛ ድምፁን እንኳ እንዳይሰማ ጆሮው ውስጥ ሹሹሹ የሚል ድምፅ የሚለቅ ነገር ተደርጎለት ነበር። ፊቱ ላይ ይታያል። አንድ ሰው እያወራችሁ ከንፈሩን ስታዩ የምታሳዩትን ፊት፣ ገብቶኛል ለማለት ቶሎ የሚነቀነቀውን ራስ፣ በትወና ትምህርት የሚያገኘው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላም የምወደው ትዕይንት አለ። ሩበን መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ምልክት ቋንቋ እየተማረ ሳለ፣ ከልጆች ትምህርት ቤት ግቢ ካለ የብረት ሸርተቴ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ይቀመጣል። ሸርተቴውን በእጁ ይመታል። ልጁ ጆሮውን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ንዝረቱን ይቀበላል፤ ከዚያም መልሶ ይመታለታል። ቃል የለም። ሁለቱም መስማት የማይችሉ ሰዎች ሙዚቃ ሲጫወቱ ነው የምናየው። ይህን ትዕይንት ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ኳየር የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ አልቶ። መስማት የቀነስኩት ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ የጠፉት ወፎች ናቸው፣ ቀጥሎ የ«ሰ» እና የ«ፈ» ድምፅ፣ በኋላ የሶፕራኖዎቹ ጫፍ። በሃያ ሁለት ዓመቴ በቤተሰብ መዋጮ ሁለት የመስሚያ መሣሪያ ተገዛልኝ። የመጀመሪያው ቀን ሲበራልኝ አባቴ አጠገቤ ጋዜጣ ገለጠ፤ ቆርቆሮ የሚቀደድ መሰለኝ። የገዛ ድምፄ በርሜል ውስጥ ሆኜ የምናገር ይመስል ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ኳየሩ ሲነሣ፣ ኪቦርዱ የተንሻፈፈ ይመስላል፣ ድራሙ ሲመታ ሌላው ሁሉ ይሰምጣል፣ ከአልቶዎች ማንንም አልለይም። ለሕዝቡ ፈገግ እያልኩ አፌን ብቻ ከፈትኩ። ዝማሬው እንዳለቀ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሁለቱንም አውልቄ ኪሴ ከተትኳቸው። በዚያው ሳምንት ለኳየር መሪው «ጊዜ የለኝም» ብዬ ወጣሁ። ጊዜ ነበረኝ።

ስለዚህ ፊልሙ ሩበንን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በባለሙያዋ ፊት ሲያስቀምጠውና መሣሪያው ሲበራለት፣ ፊቱ ላይ የወረደውን ነገር አውቀዋለሁ። ድራሙንም ቤት የሆነችውን መኪናውንም ሸጦ የገዛው ድምፅ ብረት ብረት ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መናገር አለብኝ፤ ፊልሙን ያዩ ጓደኞቼ እኔን «ያንቺም እንዲህ ነው?» ብለው ይጠይቁኛልና። የእኔ መሣሪያ ድምፅን አጉልቶ ለቀረው ጆሮዬ የሚያቀብል ነው። የሩበን ኮክሌር ኢምፕላንት ነው፤ የተጎዱትን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አልፎ ነርቡን ራሱን በኤሌክትሪክ ይነካዋል። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ እነዚህ ፀጉር መሰል ሕዋሳት 15,000 ገደማ አሉት። በኢምፕላንቱ ቀጭን ሽቦ ላይ ያሉት መንኪያ ነጥቦች እንደ አሠራሩ ከ12 እስከ 22 ናቸው። ንግግር በዚያ ይያዛል፤ ዜማ ግን ይከብደዋል። ስለዚህ የእርሱ መንገድ ከእኔ የረዘመ ነው። አይደለም አልልም።

ጥሌ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ሩበን መሣሪያው ከተበራለት በኋላ ወደ ሉ አባት ቤት ይሄዳል። ግብዣ አለ። አባትዬው ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፣ ሉ አብራው ትዘፍናለች፤ እንግዳው ሁሉ ተመስጧል። ካሜራው ወደ ሩበን ሲዞር የምንሰማው የሚፋጭ ብረት ነው። ይህ በጣም የሚያም ትዕይንት ነው፤ ጓደኛዬ እዚህ ጋ አለቀሰች። በማግስቱ ሩበን ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ ደወሉም ለእርሱ ጩኸት ነው። ሁለቱንም የውጭ መሣሪያዎች ያወልቃቸዋል። ዝምታ። ፊልሙ አለቀ።

ያምራል። ግን ስንተኛው ቀን ነው? ኢምፕላንት ያደረገ ሰው አንጎሉ አዲሱን ድምፅ እስኪለምድ ወራት ይፈጅበታል፤ ባለሙያውም እየደጋገመ ያስተካክላል። ሩበን ገና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። ማርደር የመጀመሪያውን ቀን ድምፅ አስሰምቶን የመጨረሻውን ፍርድ ያሰጠናል። እንደ ፊልሙ አካሄድ ያለው ሁለት በር ነው፤ አንዱ ወደ ብረት ጩኸት፣ ሌላው ወደ ዝምታ። ዝምታውን ደግሞ እንደ ሰላም አድርጎ ነው የሚያቀርበው። በመሐል ያለውን፣ ቀርፋፋውን፣ አሰልቺውን፣ ለካሜራ የማይመቸውን መንገድ፣ እኛ የምንኖርበትን፣ አላየውም።

የሚሟገቱለት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሙግታቸውም ቀላል አይደለም። በዚያ ቤት ኃላፊ የሆነው ጆ (ፖል ሬሲ ይጫወተዋል፤ ራሱ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለደ ነው) መስማት አለመቻል የሚጠገን ብልሽት አይደለም ብሎ ያምናል። ሩበንን በየማለዳው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲቀመጥ ያዘዋል፤ መቀመጥ ካቃተው እንዲጽፍ። የመጨረሻው ዝምታ የጆ ትምህርት ፍሬ ነው ይላሉ። በምልክት ቋንቋ የሚዘምር ጉባኤ ያየ ሰው የጆን እምነት አያቃልልም፤ እጆቹ ሲነሡ የሚጎድል ነገር የለም። ኤልያስም በኮሬብ የሚፈልገውን በነፋሱና በእሳቱ ውስጥ እንዳላገኘው እናውቃለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሩበን ዝምታን የመረጠ ሰው መስሎ አልታየኝም፤ የተናደደ ሰው መስሎ ታየኝ። በሸርተቴው ላይ ከልጁ ጋር የጀመረው ሙዚቃ የት ሄደ? ፊልሙ ራሱ ሦስተኛ በር ከፍቶ አሳይቶን ነበር፤ መልሶ ዘጋው።

ከመቶ ዓመት በላይ የሚቀድም ሌላ ሥራ አለ፤ ሦስተኛውን በር ክፍት የተወ። ቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ቤድሪክ ስሜታና እ.ኤ.አ. በ1874፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ መስማት አቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ከሕይወቴ» የሚባለውን ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሥራ ጨረሰ። አራተኛው ክፍል የሕዝብ ጭፈራ ነው፤ ደስ ብሎት ይሮጣል። ድንገት ይቆማል። ታች ያሉት ክሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ከላያቸው የመጀመሪያው ቫዮሊን አንድ ቀጭንና ረጅም «ኢ» ይይዛል። ያ ድምፅ መስማት ሊያቆም ሲል በጆሮው ይጮህ የነበረው እንደሆነ ስሜታና ራሱ ገልጾታል። ከዚያ በኋላ ከቀደሙት ክፍሎች ቁርጥራጭ ትዝታዎች ይመለሱና ሥራው በዝግታ ያልቃል። እዚህም ጩኸት አለ፣ እዚህም መጨረሻው ጸጥታ ነው። ግን ጩኸቱ በሙዚቃው መሐል አንድ ኖታ ነው፤ ሙዚቃው ጩኸቱን ይይዘዋል እንጂ ጩኸቱ ሙዚቃውን አይጨርሰውም።

መጀመሪያ ሳዳምጠው አንድ አስቂኝ ነገር ሆነብኝ። ያ ታላቅ «ኢ» ሲመጣ መሣሪያዬ የራሱ ፉጨት መሰለውና ሊያጠፋው ተነሣ። ኖታው እንደ ፍየል ተንቀጠቀጠ። ስሜታና ጆሮውን የበላውን ድምፅ በወረቀት አሥሮ ላከልኝ፣ የእኔ ማሽን ደግሞ እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሲፍቅ ያዝኩት! ዋሽንትም ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ረጅምና ጥርት ያለ ድምፅ አይወድም።

እንዲህ የሚሆነው የመስሚያ መሣሪያ ለወሬ ስለተሠራ ነው። ሰው አጠገባችሁ ሲያወራ ድምፁ 65 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ሙዚቃ ግን ከሹክሹክታ ተነሥቶ 100ን ያልፋል። መሣሪያው ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር ዝቅ ያለውን ታነሣለች፣ ከፍ ያለውን ታወርዳለች፣ ሁሉንም ወደ መሐል ትሰበስባለች። ለወሬ መልካም ነው፤ እናቴ ከጓዳ ብትጠራኝም ወንድሜ ጆሮዬ ሥር ቢጮህም እኩል ይደርሱኛል። መዝሙር ላይ ግን ከዝግታ ተነሥቶ እያደገ የሚሄደው፣ ጉባኤው አብሮ የሚነሣበት ቦታ፣ ተደልድሎ ሜዳ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በብዙ መሣሪያዎች፣ በተለይ በቆዩት፣ ከ95 ዴሲቤል ገደማ በላይ የገባ ድምፅ ገና ከማይክሮፎኑ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የመሣሪያውን ቮልዩም መቀነስ የተሰበረውን ሳህን ከሩቅ እንደማየት ነው፤ አይጠግነውም።

ይህን ያወቅሁት ከኳየር ከወጣሁ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ለቀጠሮ ስሄድ ባለሙያዋ ሙዚቃ እወድ እንደሆነ ስለጠየቀችኝ ብቻ። ስትገጥምልኝ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ያን ቀን ሁለተኛ ፕሮግራም ሠራችልኝ፦ ፉጨት አጥፊው የተዘጋበት፣ ጫጫታ ቀናሹ የተዘጋበት፣ ድልዳላው የቀለለበት። ማርሻል ቼሲን የሚባለውና ከሙዚቀኞች ጋር የሚሠራው ካናዳዊ የመስማት ባለሙያ የሚመክረውንም ሞከርኩ፤ ማይክሮፎኑ ላይ ስኮች ደራርቦ መለጠፍ። አትሳቁ። ድምፁ ገና ሳይገባ ስለሚቀንስ መቆረጡ ይቀራል። እሑድ እሑድ ከጆሮዬ በላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ ጌጥ አይደለም።

እቤት መጀመሪያ የተመለሰልኝ የአባቴ የቆዩ ካሴቶች ናቸው። ተስፋዬ ጋቢሶን ስሰማ ድምፁ ፊት ለፊት ነው፤ መሣሪያው ከኋላ ይከተላል፣ ማንም ማንንም አይረግጥም። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ የማላውቀውን የዜማ ጫፍ ትዝታዬ ይሞላልኛል። አንድን መዝሙር በሳምንት ሃያ ጊዜ ያዳመጥኩበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት የተንሻፈፈው በስድስተኛው ሳምንት ቀና። ማሽኑ አልተለወጠም። የተለወጠው አንጎሌ ነው። ፊልሙ ያላሰማን ይህንን ነው፤ ድምፅ መሐንዲስ ሊሠራው የሚችል ነገር ነበር፤ ያው የሉ ዘፈን ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ ገና ሻካራ ሆኖ ግን ዜማ ሆኖ። እንዴት ያለ ትዕይንት ይወጣው ነበር!

ወደ አዳራሻችን ስመለስ ግን ማርደርን የወቀስኩበት አፌ ይተሳሰራል። በስልኬ መለኪያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ 104 ዴሲቤል አንብቤአለሁ። የስልክ መለኪያ ብዙ አይታመንም እንበል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ መድረኮች ባወጣው መመዘኛ ግን አማካዩ ከ100 እንዳይበልጥ ይላል፤ እኛ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። ከፍታው ብቻ ቢሆን ስኮቼን እጨምር ነበር። ችግሩ አደራረጉ ነው። ሁለት ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ሊድ፣ ድራም፣ አምስት ማይክ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አብረው፣ ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ። የሚያርፍ የለም። ቅንብር ማለት ማን ዝም እንደሚል መወሰንም ነው። ይህ የእኔ ጆሮ ችግር ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ጓደኛዬን፣ ያቺን ሙሉ ጆሮ ያላትን፣ «ሁለተኛው ኪቦርድ ምን ተጫወተ?» ብዬ ስጠይቃት ነው። አሰበች፣ አሰበችና «አልሰማሁትም» አለችኝ።

በድምፅ የሚያገለግለው ወንድማችን ደግ ሰው ነው። መሣሪያ እንደማደርግ የሰማ ዕለት መጥቶ «እኅቴ፣ ከእንግዲህ በአንቺ በኩል ያለውን ስፒከር ከፍ አደርግልሻለሁ» አለኝ።

«እባክህ ዝቅ አድርግልኝ» አልኩት።

ቀልድ መሰለው። መስማት ላልቻለ ሰው ይጮኹለታል፤ ሁሉም የሚያውቀው ደግነት ይህ ነው፣ አያቶቻችን ላይም የምናደርገው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ልምምድ ላይ ማሽኖቼን አውጥቼ አንዱን በጆሮ ማዳመጫ አስደመጥኩት፤ ፊት ለፊት ስፒከሩ እየጮኸ። ፊቱ ተኮማተረ። «ይሄ ነው የሚሰማሽ?» አለ። ከዚያ ወዲህ የኳየሩን ሞኒተር በግማሽ ቀንሶታል፤ ዋናውን ግን አልነካውም፣ ሽማግሌዎቹ «ዛሬ አምልኮው ቀዝቅዟል» እንዳይሉት ይፈራል። አንድ ጊዜ ቀንሶት ብለውታልም።

እንግዲህ ፊልሙን እዩት እላለሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍታችሁ። ሩበንን ውደዱት። ደወሉ ጋ ስትደርሱ ግን ቶሎ አትመኑት። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው በሙዚቃ ፕሮግራሜ አድርጌ ነበር፤ ደወሉ ለእኔም ተሰበረ፣ እንዲሰበር ተደርጎ ተሠርቷልና። ጓደኛዬ ዝም ብላ ስክሪኑን ታያለች። «ያወለቀውን መልሶ ያደርገዋል?» አለችኝ። ማርደር አይነግረንም።

ኳየር ከተመለስኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። አሁንም ከሶፕራኖዎቹ ጫፉ አይደርሰኝም፣ ሕብረት የሚዘመረው ቦታ ላይ ድራሙ ከበዛ እጠፋለሁ። ባለፈው እሑድ በመሐሉ የግራዬ ባትሪ ማለቁን ሊነግረኝ ቲት ቲት ማለት ጀመረ፤ ለእኔ ብቻ የሚሰማ፣ ደግሞ ከቁልፉ ግማሽ ቶን የወጣ። በግራዬ የምትቆመው እኅት ከመግባቷ በፊት ትንፋሽ ስትወስድ ትከሻዋ ይነሣል። ትከሻዋን እያየሁ አብሬያት ገባሁ።